የተወለወለው ወለል

ጃንዋሪ 8፣ ሰኞ

152/94።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የክሊኒኩ ነርስ ናት። በየቀኑ የደም ግፊትሽን ለኪ፣ ቁጥሩን ጻፊ፣ ከጎኑ የዕለቱን ውሎ በሁለት መስመር አስፍሪ አለችኝ። "ምን ከፍ እንደሚያደርገው ለማወቅ ነው።" ጨው ነው አልኳት። "ጨው ብቻ ከሆነ እሱንም ጻፊው" አለች። ልጅቷ እኛ ትምህርት ቤት ስትማር በሳምንት ሦስት ቀን ታረፍድ ነበር፤ የማርፈጃ ወረቀት የምጽፍላት እኔ ነበርኩ። አሁን ተራዋ ሆነና እሷ ታስጽፈኛለች።

እሺ። በረዶ ጣለ፣ ስድስት ኢንች። ስነሳ የመኪና መግቢያዬ ተጠርጎ ጠበቀኝ። ከርት ነው። ባሌ ዌንደል ካረፈ ሰባት ክረምት ሆነው፤ በሰባቱም ክረምት አካፋ አንስቼ አላውቅም። ከርት ኦስትቢ ከመንገዱ ማዶ ነው የሚኖረው። በበረዶ መጥረጊያ ማሽኑ ጠርጎ ይሄዳል፤ በር አያንኳኳም፣ ምስጋናም አይጠብቅም። እኔ የኦቾሎኒ ቅቤ ኬክ እጋግርና ከነትሪው ደጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ። እሱ ትሪውን አጥቦ፣ ከሐይቁ ያጠመደውን ዓሣ ጨምሮበት ይመልሳል። እዚህ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም።

ሁለት መስመር አለፈ።

ጃንዋሪ 9

149/90።

ነርሷ ይህን የምታነበው ከሆነ ማን ምን እንደሆነ ይግባት። በታማራክ ፎልስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊት ለፊት ቢሮ ጸሐፊ ከሆንኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ። ከርት ፖሊስ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት የትምህርት ቤታችን ፖሊስ ነበር። ባለፈው በጋ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፦ ትምህርት ቤት የተመደበ ፖሊስ ተማሪን በደረቱ አስተኝቶ ከላይ መጫን አይችልም። የከተማው ፖሊስ አዛዥ "እጃችን ታስሮማ አንሠራም" ብሎ በሴፕቴምበር ከርትን ከእኛ አንስቶ አውራ ጎዳና ላይ መደበው። አሁን ምክር ቤቱ ሕጉን ሊያላላው ነው ይባላል። ከተማው በሙሉ ሌላ ወሬ የለውም። እኔ አላወራም። እኔ ጸሐፊ ነኝ።

ጃንዋሪ 11

150/92። ቸኩያለሁ።

ኤመት፣ የጽዳት ሠራተኛችን፣ ዛሬ በቢሮዬ በር ላይ ሁለት ቢጫ ምልክት ተከለ። "ጥንቃቄ፣ እርጥብ ወለል" የሚሉትን። ከባለፈው ሜይ ወዲህ ሲያበዛቸው ሲያበዛቸው አሁን በኮሪደሩ አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል።

"ደረቅ ነው እኮ" አልኩት።

"ነው" አለና ሄደ።

ጃንዋሪ 16

155/95። ጨው አልበላሁም።

በመምህራን ማረፊያ ስለ ሕጉ ክርክር ተነሳ። እኔ የገባሁት ወተት ፍለጋ ነው።

"ሕጉ ልክ ነው" አለች የእንግሊዝኛዋ አስተማሪ። "የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጀርባ ላይ መውጣት ምን የሚሉት ሥራ ነው?"

"እንግዲያው ሁለት ጎረምሳ ሲፈነካከት አንቺ ገላግያቸዋ!" አለ የሂሳቡ።

"እገላግላለሁ።"

"እናይሻለን። ከርት እኮ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ አራት መቶ ልጅ በየስሙ እየጠራ ነበር የሚያስገባው።"

"ስም መጥራት ሌላ፣ መጫን ሌላ።"

"ከርት ደግሞ ማንን ተጭኖ ያውቃል?"

 ወደ እኔ የተመለከተ የለም፤ ሁሉም የተመለከተው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የኬክ ሳህን ነው። አንዲት ቁራጭ ቀርታለች። እዚህ የመጨረሻዋን ቁራጭ ማንም አይወስዳትም፣ ነውር ነው። የሂሳቡ ገመሳትና ግማሿን ወሰደ። የእንግሊዝኛዋ የግማሿን ግማሽ ወሰደች። ሌሎቹም እንዲሁ። እኔ ጋ ስትደርስ ጥፍር ታክላለች። እኔም ገመስኳት። የቀረችው አሁንም እዚያው ሳህን ላይ ትሆናለች።

ጃንዋሪ 19

151/93። ውጭ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት። መኪናዬ በሦስተኛው ተነሳች።

ጆሪ ቦልዮን ዛሬም በኩሽናው በር ስትገባ አየኋት። አሥረኛ ክፍል ናት አሁን። አያቷ ሎሬን እኛው ኩሽና ናት የምትሠራው፤ ያሳደገቻትም እሷው ናት። ከባለፈው ሜይ ወዲህ ልጅቷ በፊት ለፊቱ በር፣ ማለት በኔ ቢሮ በኩል፣ አልፋ አታውቅም። ስታረፍድ ምክንያቱን በወረቀት ጽፋ የምታመጣው አያቷ ናት። ጆሪ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ።

ሎሬን ምሳ ስታወጣልኝ ልክ አንድ ጭልፋ ታደርጋለች። አታሳንስም፣ አትጨምርም። "ይበቃል?" አትለኝም። ድሮ ትለኝ ነበር።

ጃንዋሪ 24

161/98።

አቶ ፋይፈር፣ ርዕሰ መምህሩ፣ ወደ ቢሮው ጠራኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል እያለ ሱሪው ተቀዶበት በስቴፕለር ያያያዝኩለት እኔ ነኝ፤ ሁለታችንም አንስተነው አናውቅም።

"ወይዘሮ ትቬት፣ የሜይ አሥራ አምስቱን ሪፖርት ሊያወጡልኝ ይችላሉ? የፖሊስ አዛዡ ጠይቆኛል። ለምክር ቤቱ ኮሚቴ ማስረጃ ይሆነኛል ነው የሚለው። በእኛ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ ላይ ፖሊስ ተጭኖ እንደማያውቅ።"

ከመሳቢያው አወጣሁት። የት እንዳለ መፈለግ አላስፈለገኝም። እዚህ እገለብጠዋለሁ፦

"ሜይ 15፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጆሪ ቦልዮ ወደ ቢሮ መጥታ መመሪያ አልከተልም አለች። በአጋጣሚ በኮሪደሩ ያልፍ የነበረው የትምህርት ቤቱ ፖሊስ ሊያረጋጋት ሲቀርብ፣ ወለሉ ተወልውሎ ስለነበር አዳልጧት ወደቀች። የፊት ጥርሷ ጫፉ ተሰብሯል። 'አላመመኝም' ብላለች። ያዘጋጀችው፦ አ. ትቬት።"

ፊደሉ ንጹሕ ነው። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም።

ጃንዋሪ 25

158/96። ምንም የለም።

ጃንዋሪ 30

164/99።

አዛዡ ራሱ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

"ፌብሩዋሪ ሃያ ሰባት ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት ይሰማል። እርስዎም ቢመጡ። ፖሊስ ሲናገር 'ያው ፖሊስ ነው' ይላሉ። የቢሮ ጸሐፊ ስትናገር ግን... እርስዎ እኮ ከዚያች ወንበር ሆነው የማያዩት ነገር የለም።"

"ሰዓቱን በደንብ አየዋለሁ" አልኩ። ከፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ነው የተሰቀለው።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሺ አልኩት። እዚህ አገር "እሺ" ብሎ በኋላ ማሰብ ነው ልማዱ። ይሉኝታ ሐኪም የማይለካው ግፊት ነው።

ፌብሩዋሪ 3፣ ቅዳሜ

153/94።

ከርት ትሪውን ይዞ መጣ፤ አራት የዓሣ ሥጋ፣ አጥንቱ ተለቅሞ። እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ "አይ፣ አልገባም" ብሎ በሦስተኛው ገባ። በካልሲው ተቀመጠ።

"አውራ ጎዳናው እንዴት ነው?" አልኩት።

"ምንም አይል። መኪና ስም የለውም እንጂ።" ቡናውን አማሰለና "ልጆቹ ናፍቀውኛል፣ አርሊስ" አለ። "ያ የሶረንሰን ልጅ ጫማውን ያስራል አሁን?"

"አያስርም።"

"ይወድቃል አንድ ቀን።"

ሁለታችንም ቡናችንን አየን። ከዚያ የሜይን ነገር ራሱ አነሳው፤ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም ነበር። "ያን ዕለትም እኮ ወለሉ ያዳልጥ ነበር" አለ።

ፊቱን አየሁት። እየዋሸ አይደለም። አምኖታል። ወረቀቱን ስንት ጊዜ አንብቦት እንደሆነ እንጃ፣ አሁን የሚያስታውሰው የኔን ወረቀት ነው።

"አዎ" አልኩ።

እሱ ጥሩ ሰው ነው። ይህን ለነርሷ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ዌንደል ሲታመም በሌሊት ሆስፒታል ያደረሰን እሱ ነው። ትሪውን ዳግም ኬክ ሞልቼ ሰጠሁት።

ፌብሩዋሪ 6

162/97።

ኤመት ቅርጫቴን ሊገለብጥ ገባ። ቆመ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ባለፈው ሜይ የተሰጠው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ ወለል ወልውሎ ምልክት ባለማኖሩ ተማሪ ላይ ጉዳት እንደደረሰ የሚል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አቶ ፋይፈር ፈርሞበታል።

"ሜይ አሥራ አምስት ምን ቀን ነበር?" አለኝ።

የቀን መቁጠሪያ ማየት አላስፈለገኝም። "ሰኞ።"

"እኔ ማክሰኞና ዓርብ ነው የምወለውለው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሰው አላዳለጠውም።" ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። "ይኸው ነው" አለ። ቅርጫቱን ገልብጦ ወጣ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ 12

በበረዶ ምክንያት ትምህርት ተዘግቷል። 159/96፤ ከእንቅልፍ ተነስቼ፣ ምንም ሳልሠራ።

ነርሷ "ምን ከፍ እንደሚያደርገው" ብላለች። እሺ፣ ትወቀው።

ሜይ አሥራ አምስት ጆሪ ብቻዋን መጣች። እጇ ሆዷ ላይ ነው። "ወይዘሮ ትቬት፣ ስልኩን ልጠቀም? አያቴን ልጥራት፣ ሆዴን አሞኛል።" አያቷ ኩሽና ናት፤ ከኔ ጠረጴዛ አርባ እርምጃ። በክፍለ ጊዜ የቢሮ ስልክ ለተማሪ አይሰጥም፤ መመሪያ ነው፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ የተየብኩትም እኔ ነኝ። ክፍልሽ ግቢ አልኳት። አልገባም አለች። ክፍልሽ ግቢ። እጇን በጠረጴዛው ላይ አሳልፋ እጀታውን ያዘች። እኔም ያዝኩ። ሁለታችን አንድ ስልክ ይዘን ቆምን፤ የስድሳ አንድ ዓመት ሴትዮና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ቀማኋት።

አንድ ሰው ለከርት ደወለለት። እሱም መጣ። ክንዷን ያዘ፣ መነጨቀችው፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ነበረች፣ በደረቷ፣ ጉልበቱ ጀርባዋ ላይ። "ተረጋጊ፣ ጆሪ፣ ተረጋጊ" ይላል፣ በስሟ እየጠራ፣ በለሰለሰ ድምፅ። እሷ የምትለውን ለመስማት ብዙም አልሞከርኩም። ሰዓቱን አየሁ። ሌላ የማየው አጣሁ። አርባ አንድ ሰከንድ።

ከርት ሲነሳ ፊቱ ነጭ ነበር። "እንዴት እንደሆነ..." አለ። "አዳለጣት" አልኩት እኔ። ማንም አላለኝም። እኔው ነኝ ያልኩት፤ ያን ያህል ፈጥኖ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሎሬን አመልክታ ነበር፤ አቤቱታዋ በኔ ወረቀት ተዘጋ።

ማሽኑ ከመንገዱ ማዶ ይሰማኛል። እየጠረገልኝ ነው።

ፌብሩዋሪ 16

166/100።

ዛሬ ምሳው በድንች የተከደነ ሥጋ ነው። ሎሬን ጭልፋዋን እንደያዘች ቆመች። በዘጠኝ ወር የመጀመሪያዋን ቃል ተናገረችኝ።

"ጆሪ ተመዝግባለች።"

"ለምኑ?"

"ለሃያ ሰባቱ። ሁለት ደቂቃ ይሰጧታል አሉ። ማታ ማታ መስታወት ፊት ትለማመዳለች። አፏን በእጇ ሸፍና። እጅሽን አውርጂ፣ ሰው አይሰማሽም እላታለሁ።"

ከኋላዬ ሰልፍ አለ። 

"አዛዡ ወረቀት አለኝ ይላል" አለች ሎሬን። "ልጅቷ ትዋሻለች የሚል ወረቀት። በሸንጎ ፊት ሊያነበው ነው።" አንድ ጭልፋ አደረገችልኝ። "ጨው ትፈልጊያለሽ?"

"ተከልክያለሁ።"

"ይሻልሻል" አለች።

ሳልበላው መለስኩት።

ፌብሩዋሪ 20

168/99። አዛዡ የምናገረውን ተይቦ ላከልኝ፤ ግማሽ ገጽ። "በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቴ አንድም ጊዜ..." ብሎ ይጀምራል። ሁለት የፊደል ግድፈት አለበት። አረምኩለት።

ፌብሩዋሪ 22

ከርት ደወለ። "ለሃያ ሰባቱ በኔ መኪና እንሂድ እንጂ፣ ለምን ለየብቻ?" አይ አልኩ። "ኧረ ግድ የለም።" አይ አልኩ። "ኧረ እባክሽ።" በሦስተኛው እሺ አልኩ። እምቢ የሚባለው እስከ ሁለት ብቻ ነው። ማን እንደወሰነው አላውቅም።

አልለካሁም።

ፌብሩዋሪ 27፣ ማክሰኞ

ጠዋት 171/101።

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ከርት ይነዳል፣ አዛዡ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ጭኔ ላይ የኬክ ቆርቆሮ። እስከ ዋና ከተማው የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ስለ ሐይቁ በረዶ ውፍረት አወራን፤ ስለ ሌላ ነገር አላወራንም። የመጨረሻዋ ቁራጭ ሦስት ጊዜ ተገመሰች።

ለነዳጅ ስንቆም ሎሬንና ጆሪ እዚያው ነበሩ። ከርት የሱቁን በር ከፍቶ ያዘላት። "ደህና አደርሽ፣ ጆሪ።" ልጅቷ በሌላው በር ዞራ ገባች። ከርት በሩን እንደያዘ ቆየ፤ የሚገባ ሰው አልነበረም።

የኮሚቴው ክፍል ይሞቃል። ጆሪ ቀድማ ተጠራች። እጇን ከአፏ አውርዳ ነው የተናገረችው። ሆዴን አሞኝ ነበር አለች። አያቴን ፈልጌ ነበር አለች። መተንፈስ አልቻልኩም ስል ነበር፣ ጥርሴ ወለሉ ላይ ነው የተሰበረው፣ ቢሮው ውስጥ ሰው ነበር አለች። ስሜን አልጠራችም። ሁለት ደቂቃው አልቆ ቀይ መብራት በራ።

ቀጥሎ አዛዡ ወረቀቴን አነበበ። በጥሩ ድምፅ። "አዳልጧት ወደቀች" ሲል አንድ የምክር ቤት አባል አንገቱን ነቀነቀ። ጆሪ እጇን ወደ አፏ መለሰች።

ያቺን እጅ አየሁ። ከዚያ ተጠራሁ።

የተየበልኝን ግማሽ ገጽ ይዤ ነው የወጣሁት። መነጽሬን አደረግሁ፣ አወለቅሁ። ያልኩትን እንዳስታወስኩት እጽፋለሁ፦

"አርሊስ ትቬት እባላለሁ። የተነበበውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ሰኞ ቀን ወለሉ አይወለወልም። ኦፊሰር ኦስትቢ በአጋጣሚ አላለፈም። ልጅቷ ስልክ ለመነችኝ፣ ከለከልኳት፣ ከዚያ በዚያው ስልክ እሱን የጠራሁት እኔ ነኝ። በደረቷ አስተኝቶ ተጫናት። አርባ አንድ ሰከንድ። ሰዓቱን አይቻለሁ፤ እሷን ላለማየት ነው ያየሁት። 'አላመመኝም' አላለችም። እሱንም እኔ ነኝ የጨመርኩት። ስለ ሕጉ የማውቀው ነገር የለም። ልጅቷ ግን አልዋሸችም።"

መብራቱ ገና ቢጫ ነበር። ጊዜ ተርፎኛል። የምጨምረው ስለሌለኝ "አመሰግናለሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። አፍሬ ነበር፣ ሌላ አይደለም።

ኮሚቴው ጉዳዩን ለሌላ ቀን አሳደረው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር የመልሱ መንገድ ነው። አራት ሰዓት። ከርት በሩን ከፈተልኝ። አዛዡ ከፊት ተቀመጠ።  ከሰማንያ ማይል በኋላ ከርት የመንገዱን ዳር አይቶ "ሚዳቋ" አለ። "አዎ" አልኩ። ሌላ ሰባ ማይል። አዛዡ ሬዲዮ ከፈተ፤ የአየር ትንበያ ነው፤ ዘጋው። ለነዳጅ ስንቆም ከርት ሳልጠይቀው ቡና ይዞልኝ መጣ፤ ያለ ስኳር፣ እንደምጠጣው። መጠጣት አቃተኝ፤ አለመጠጣትም ነውር ሆነብኝ። ጠጣሁት።

አዛዡን ቤቱ አወረድነው። "ደህና እደሩ" አላለም። ደጄ ስንደርስ ከርት ሞተሩን አላጠፋም። መሪውን እንደያዘ፣

"አርባ አንድ ነበር?" አለኝ።

"አርባ አንድ።"

"እኔ አሥር ነበር የመሰለኝ።"

እስክገባ ድረስ መብራቱን አብርቶ ጠበቀኝ። ሁልጊዜም ይጠብቀኛል።

ፌብሩዋሪ 28

አልለካሁም።

አቶ ፋይፈር ጠራኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍልኛል፤ ምርመራም ይከፈታል፣ በከርትም በኔም ላይ። "ደብዳቤውን ማን ይተይበው?" ብሎ ግራ ገባው። ሁልጊዜ የምተይበው እኔ ነኝ። "እኔ ልተይበው" አልኩ። ተየብኩት። ፈረመ። የኤመትን ደብዳቤ መሻሪያም አብሬ ተየብኩ፤ እሱንም ፈረመ። ከዚያ "ወይዘሮ ትቬት፣ እውነቱን ለኔ ያኔውኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?" አለኝ።  ቢነገረው ደስ ባላለው ነበር፤ ይህ ግን መልስ አይደለም።

ወደ ማረፊያው ክፍል ገባሁ። የሂሳቡ አስተማሪ ፊቱን አዞረ። "ከኋላ የወጉት ጎረቤት" ሲል ሰማሁት፤ የሚናገረው ለማቀዝቀዣው ነው።

ማርች 1፣ ዓርብ

147/91።

ኤመት ቢጫ ምልክቶቹን ሰበሰበ። አሥራ ስምንቱን። አንዷን ኮሪደሩ መሐል ተዋት።

"ዛሬ ዓርብ ነው" አለ። "እርጥብ ነው፣ ተጠንቀቂ።"

ማርች 4

በረዶ፣ ዘጠኝ ኢንች። ማለዳ ተነስቼ በጨለማ አዳመጥኩ። ማሽኑ ተሰማ። የራሱን ጠረገ፣ የሩቅ ጎረቤቱን ጠረገ፣ ጠፋ።

የዌንደልን አካፋ ጋራዥ ውስጥ አገኘሁት፤ እጀታው ላይ ሸረሪት አድርታለች። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። ሦስት ጊዜ አረፍኩ። መካከል ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ እንባ በዚህ ብርድ ጉንጭ ላይ ይደርቃል፣ ያማል። የማለቅሰው ለራሴ ነው። ይህን ለነርሷ አላሳያትም።

ማርች 6

ትሪዬ ደጄ ላይ ተቀምጧል። በጣም ንጹሕ ታጥቧል፤ እኔ ያላስለቀቅኩት የጥግ ቃጠሎ ሁሉ ለቋል።

ባዶ ነው።

ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። መልሼ አስገባሁት። ሰባት ክረምት የጠረገልኝን ሰው ነው ያጣሁት። እንደገና ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ሆድ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አንዱ አንዱን አያስወጣውም።

ማርች 8፣ ዓርብ

ለነርሷ፦ ዛሬ መለካት ረሳሁ። ሆን ብዬ አይደለም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል የፊት ለፊቱ በር ተከፈተ። ትከሻዋ ላይ በረዶ አለ። ቀጥ ብላ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ያዘዝኳት ይመስል እጇን ኪሷ ከተተች።

የማርፈጃውን ወረቀት ሳብኩ። "ስም" ልል ነበር። ጻፍኩት።

"ምክንያት?"

"በረዶ" አለች ጆሪ። "የአያቴ መኪና አልነሳ አላት። እሷን ጎረቤት ገና ሳይነጋ አመጣት፣ እኔ በእግሬ ነው የመጣሁት።"

ጥርሷን አየሁት። ግራ የፊቱ፣ ጫፉ አግድም ተሰብሯል። አሥር ወር ሙሉ በሐሳቤ ትንሽ ነበር። ትንሽ አይደለም።

"ጆሪ፣ እኔ..." አልኩ። ይቅርታ ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር፤ በሦስት መንገድ ጽፌው መሳቢያዬ ውስጥ አለ። "በድዬሻለሁ" አልኳት። ከሦስቱም ውስጥ ይህ አልነበረም።

አየችኝ። "አውቃለሁ" አለች። ምንም አልጨመረችበትም፣ አልቀነሰችበትም፤ ልክ እንደ አያቷ ጭልፋ። ወረቀቱን ወሰደች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

"ስልኩን ልጠቀም? መድረሴን ልንገራት፣ ትጨነቃለች።"

የክፍለ ጊዜ ሰዓት ነው። መመሪያው ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ስልኩን አንስቼ በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ አዞርኩት፤ የኩሽናውን ቁጥር እኔው ጫንኩላት፣ እጀታውን ሰጠኋት።

"አያቴ" አለች፣ "ደርሻለሁ። አዎ። በፊት ለፊቱ።" ከዚያ ሎሬን ምን እንዳለቻት እንጃ፣ ልጅቷ ሳቀች። አንድ እጇ ስልኩን፣ ሌላው ወረቀቱን ይዟል፤ አፏን የሚሸፍን እጅ አልነበራትም።

ስንት ደቂቃ እንዳወሩ አላውቅም። ሰዓቱን አላየሁም።